የተቆለፈ በርና የድመት አደራ



ዓረፋ ሲቃረብ የብዙዎቻችን ቤት ወደ ጉዞ ዝግጅት ይገባል። አንዱ ወላጆቹን ለመዘየር ወደ ወሎ፣ ሌላው ወደ ስልጤና ወደ ጉራጌ፣ ሌላው ወደ ጅማ ወይም ወደ ሐረር ጓዙን ያሰናዳል። አላህ (ሱ.ወ) ያደለው ደግሞ ለሐጅ ይነሳል። ዕዳ ይከፈላል፤ የሰው ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ከጎረቤት ጋር ዐፍው መባባል ይኖራል፤ ለሚቀረው ቤተሰብ ወጪ ይቆረጣል። በዚህ ሁሉ ግርግር መሐል «ድመቷስ?» የሚለውን ጥያቄ የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። የሚሰጠውም መልስ «እሷ ምን ትሆናለች፤ ጎረቤት ይሰጣታል» የሚል ነው።

በዛሬው ዓምዳችን የምንወያየው ስለዚህች አጭር መልስ ነው። ለመሆኑ «ጎረቤት» የተባለው ማን ነው? ተነግሮታል ወይ? ቁልፉስ በእጁ ነው? እስከ ስንት ቀን? ድመቷ ብትታመምስ ምን ያድርግ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ «ይሰጣታል» ያልነው ሰው በእውነቱ ማንም አይደለም ማለት ነው።

«ሰው በተቸገረበት ዘመን ስለ ድመት ይወራል?» የሚል ወገን አይጠፋም። ነገር ግን ድመቷን ወደ ቤቱ ያስገባት፣ ያለመዳት፣ በሩንም የሚዘጋባት ራሱ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የቅንጦት ጥያቄ ሳይሆን የኃላፊነት ጥያቄ ነው።

በር የዘጋ ሰው ኃላፊነት

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት የታወቀ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንዲት ሴት በድመት ሰበብ ለቅጣት መዳረጓን ነግረውናል። ይህንን ሐዲስ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ዳሩ ግን የሴትየዋ ጥፋት ምን እንደነበር ልብ ያልነው ጥቂቶች ነን። ሴትየዋ ድመቷን ደበደበቻት አልተባለም፤ በመርዝ ገደለቻትም አልተባለም። ጥፋቷ አግታ ማስቀመጧ ነው። አግታት ሳለ አላበላቻትም፣ አላጠጣቻትም፤ ወጥታም በምድር ላይ የሚገኘውን ትናንሽ ፍጥረት አድና እንድትበላ አልለቀቀቻትም።

እዚህ ላይ ሁለት መንገዶች እንደነበሩ እናስተውል። አንዱ ማብላት፣ ሌላው መልቀቅ ነው። ሴትየዋ ሁለቱንም ዘጋች። ዑለሞች እንስሳ ያሳደረ ሰው ቀለቡን የመቻል ግዴታ እንዳለበት የሚያስተምሩት በዚህና በመሳሰሉት መረጃዎች ላይ ተመሥርተው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ኑሮ እንመለስ። አያቶቻችን ግቢ ባለው ቤት ሲኖሩ ድመቷ በአጥር ትወጣለች፣ በጣሪያ ትሻገራለች፣ ጎተራ ሥር አይጥ ታድናለች፣ ከጎረቤት ማድ ቤት ትገባለች። የቤቱ ሰው ለሳምንት ቢሄድ ሁለተኛው መንገድ ክፍት ነበር። ዛሬ ግን ብዙ የከተማ ቤተሰብ የሚኖረው በፎቅ ላይ ነው። በተለይ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ኮንዶሚኒየም በአዲስ አበባ እየተስፋፋ ሲመጣ የድመቷም ኑሮ አብሮ ተለወጠ። አራተኛ ፎቅ ላይ በተቆለፈ ቤት ያለች ድመት አጥር የላትም፣ ጎተራ የላትም፣ የሚያልፍ ጎረቤት አያያትም። ጩኸቷንም ቢሰሙ «የእነ እገሌ ድመት ናት» ብለው ያልፋሉ። ያው መንገደኛ፣ ያው ድመት፣ ያው የአንድ ሳምንት ጉዞ ቢሆንም አያት ያለ ሐሳብ ያደረጉት ነገር በልጅ ልጅ እጅ እገታ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በሩን ከመቆለፋችን በፊት በሩን የሚከፍት ሰው በስም ማወቅ ያለብን።

በየት ትቆይ?

ታላቁ ሰሐባ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ይህን መጠሪያ ያገኙት በትንሽ ድመት ምክንያት መሆኑ ይታወቃል። ቲርሚዚ በዘገቡት መሠረት የቤተሰባቸውን በጎች ሲጠብቁ ሌሊት ድመቷን ዛፍ ላይ ያሳድሯት፣ ቀን ደግሞ አብረዋት ይውሉ ነበር። ለአንዲት ድመት የሌሊቱም የቀኑም ቦታዋ ታስቦበታል ማለት ነው። እኛም በመጀመሪያ የምንወስነው የምትቆይበትን ቦታ ነው።

ሦስት አማራጮች አሉ። አብራን እንድትጓዝ ማድረግ፣ ወደ ሌላ ሰው ቤት መውሰድ ወይም በቤቷ ሆና ሰው እንዲመጣላት ማድረግ። የመጀመሪያው በተለይ በሕዝብ ማመላለሻ ለብዙ ሰዓት ለሚጓዝ ቤተሰብ አይመከርም። ድመት እንደ ውሻ ሰውን ብቻ ተከትላ የምትረጋጋ እንስሳ አይደለችም፤ የምትረጋጋው በለመደችው ቦታና በለመደችው ሽታ ነው። በመንገድ ላይ ካመለጠች ደግሞ የማታውቀው አገር ላይ ቀረች ማለት ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ለረጅም ጉዞ ሊያስፈልግ ይችላል። የሐጅ ዋና ዋና ሥራዎች ከዙልሒጃ 8 እስከ 13 ባሉት ቀናት የሚፈጸሙ ቢሆንም የሑጃጁ ጉዞ በጠቅላላው ሳምንታትን ይወስዳል። ለዚህን ያህል ጊዜ ቤቱ ውስጥ የሚያድር ሰው ካልተገኘ ድመቷ ወደ ዘመድ ቤት ልትሄድ ትችላለች። በዚህ ጊዜ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። አዲስ ቤት የገባች ድመት ቢያንስ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ከቤት እንዳትወጣ መደረግ አለበት። አለበለዚያ የድሮ ቤቷን ፍለጋ ወጥታ ትጠፋለች። የምትተኛበትን ጨርቅ ሳይታጠብ አብሮ መላክ፣ በመጀመሪያዎቹም ቀናት በአንዲት ጸጥ ያለች ክፍል ማቆየት ይረዳታል።

ለጥቂት ቀን ጉዞ ግን ሦስተኛው ይበልጣል። በቤቷ ትቀመጥ፤ የታመነ ሰው በየቀኑ፣ ቢቻል ጠዋትና ማታ ይምጣላት። «ምግብ በብዛት አስቀምጬላት እሄዳለሁ» የሚለው ዘዴ አያዋጣም። እርጥብ ምግብ በሙቀት ይበላሻል፤ ውሃ ይደፋል፤ የሚጸዳው አሸዋ ይሞላል፤ ብትታመምም የሚያይ የለም።

ብርቱና ታማኝ

ታማኝ ሰው እንዴት ይታወቃል? በቁርአን ሱረቱል ቀሰስ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ድንቅ መልስ እናገኛለን። ሙሳ (ዐ.ሰ) መድየን ሲደርሱ ለሁለት እህትማማቾች መንጋቸውን አጠጡላቸው። ከዚያም ከሁለቱ አንዷ አባቷ ሙሳን እንዲቀጥሯቸው ስትጠይቅ ሁለት መመዘኛዎችን አነሳች፤ ብርቱነትንና ታማኝነትን። ሥራው የእንስሳት ጥበቃ እንደነበር እናስታውስ። ሙሳን የለካቻቸውም በወሬ ሳይሆን ውሃው ዘንድ ሲሠሩ ባየችው ነው።

እነዚህ ሁለት መመዘኛዎች አንዱ ያለ ሌላው አይበቁም። በጣም ታማኝ የሆነ ነገር ግን ድመት የሚፈራ ሰው አለ፤ ገንዘብ ብንሰጠው ሳንቲም አይነካም፣ ድመቷ አልጋ ሥር ብትደበቅ ግን ጎንበስ ብሎ አያያትም። በተቃራኒው ድመት የሚወድ፣ ሁሉን የሚያውቅ፣ ነገር ግን ቀጠሮ የማያከብር ወጣት አለ። የመጀመሪያው አማና አለው፣ ብርታት የለውም። ሁለተኛው ብርታት አለው፣ አማና ይጎድለዋል።

አሁን በአካባቢያችን ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ እንመልከት።

ጎረቤት፦ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይሠራል። ግን ጎረቤትን የምንጠይቀው ሻንጣ ይዘን በር ላይ ቆመን ከሆነ እምቢ ሊለን አይችልም። ይሉኝታ ይይዘዋል። የይሉኝታ «እሺ» ደግሞ አደራ መቀበል አይደለም። ስለዚህ ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም ብለን፣ እምቢ ለማለት የሚያስችል ቦታ ሰጥተን እንጠይቅ። «ካልተመቸህ ሌላ ሰው አለኝ፤ ቅር አይለኝም» ብለን እንጀምር። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «እሺ» ክብደት ይኖረዋል።

የቤት ሠራተኛ፦ ብዙ ቤተሰብ ሳይጠይቅ የሚጥልባት እሷ ላይ ነው። ሆኖም ለእሷም በዓል ነው፤ እሷም እናት አላት፤ ከዓመት አንድ ጊዜ አገሯ ልትሄድ ትፈልግ ይሆናል። በፈቃዷ ከቆየች ይህ ተጨማሪ ሥራ ነውና ተጨማሪ ክፍያ ይገባታል። በቁጣና በግዳጅ የተጣለ አደራ መጨረሻው ድመቷ ላይ ነው የሚወርደው።

የዘመድ ወጣት፦ እህትና ወንድም ልጆች ለዚህ ሥራ ጥሩ ናቸው። ሆኖም አደራው የወጣቱ ብቻ እንዳይሆን ወላጆቹ ይወቁት። ወጣቱ ቢረሳ «ዛሬ ሄድክ ወይ?» የሚለው ሰው ቤት ውስጥ አለ ማለት ነው።

የግቢ ጥበቃ፦ መልካም ሰው ቢሆንም ሥራው በር ላይ ነው። በየተራ ስለሚቀያየሩም ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ለአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው ይሁን እንጂ ዋናው አይሁን።

በክፍያ የሚሠራ ሰው ወይም የእንስሳት ሕክምና ቤት፦ እንስሳ የሚያሳድር ካገኘን ቦታውን ራሳችን ገብተን እንየው። ውሾችና ድመቶች በአንድ ክፍል ናቸው ወይ? ሌሎቹ እንስሳት ተከትበዋል ወይ? ሌሊት ሰው ያድራል ወይ? ያለ ቀጠሮ ብንመጣ ያስገቡናል ወይ? ለመጨረሻው ጥያቄ እምቢታ ከገጠመን ሌላ ቦታ እንፈልግ።

ማንም ይሁን ማን ሦስት ምልክቶችን እንመልከትበት። አንደኛ፣ ራሱ ይጠይቃል ወይ? «ስንት ጊዜ ትበላለች? ብትታመም ማን ዘንድ ልውሰዳት?» የሚል ሰው ሥራውን በልቡ ጀምሮታል። ምንም ሳይጠይቅ «ግድ የለም፣ ተውት ለእኔ» የሚል ሰው ያሳስባል። ሁለተኛ፣ ድመቷ ስትሸሸው ምን ያደርጋል? ጎትቶ የሚይዛትን ሳይሆን ቁጭ ብሎ የሚጠብቃትን እንምረጥ። ሦስተኛውና ዋናው፣ መጥፎ ወሬ ይናገራል ወይ? ከዚህ ቀደም ያበላሸውን ወይም ያልተሳካለትን ነገር ሳይደብቅ የነገረንን ሰው እናስታውስ። ድመቷ ብትጠፋ በዚያው ሰዓት የሚደውለው እሱ ነው። ሌላው ግን እስክንመለስ «ደህና ናት» እያለ ያቆየናል።

በቤት ጉዳይ ላይም አንድ ማሳሰቢያ አለ። ባል ብቻውን የሚቀርበት ቤት ባዕድ ሴት፣ ሚስት ብቻዋን የምትቀርበት ቤትም ባዕድ ወንድ ብቻውን እንዲመላለስ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ቤቱ ባዶ ከሆነ ግን የቁልፉን ጉዳይ በግልጽ መነጋገር ይገባል። ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ሌላ አንድ ሰው ይኑር። የማይከፈቱ ክፍሎችም ይቆለፉ፤ ይህ አለመተማመን ሳይሆን አደራ ተቀባዩን ከጥርጣሬ መጠበቅ ነው።

ሙከራ

የመረጥነውን ሰው ከጉዞው በፊት አንድ ቅዳሜና እሑድ እንሞክረው። መጀመሪያ አብሮን ሆኖ ያብላት። በማግስቱ እኛ ከቤት ወጥተን እሱ ብቻውን ይግባ። ስንመለስ ሳህኑን እንይ፣ ታጥቧል ወይስ አዲሱ ምግብ በአሮጌው ላይ ተጨምሯል? ውሃው ተቀይሯል? አሸዋው ተጸድቷል? በሩ በሚገባ ተቆልፏል? ጉድለት ከታየ በጨዋ አነጋገር ማረም ይቻላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ጉድለቱ የሚታወቀው አሁን ነው።

ምን አስረክበን እንሂድ?

አደራ የሚቀበል ሰው የሚቀበለውን ነገር ማወቅ አለበት። የሚከተሉትን በትልቅ ወረቀት ላይ ጽፈን ማድ ቤት ግድግዳ ላይ እንለጥፍ።

ምግብ፦ የለመደችውን ምግብ ለቀናቱ የሚበቃ ጥቂትም የሚተርፍ አድርገን እንተው። በጉዞ ሰሞን ምግብ መቀየር ሆድ ያውካል። ትልቅ ድመት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ስድስት ወር ያልሞላት ደግሞ ሦስትና አራት ጊዜ ትመገባለች። ከማዕድ የተረፈ ወጥ አይሰጣት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ የተቀቀለም ቢሆን፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያበላሻል፤ ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ደግሞ በቤታችን ከየት ይመጣል? የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የዓረፋ ሥጋ ቢተርፍ ያለ ቅመም የተቀቀለ ጥቂት ሥጋ ይበቃታል። የላም ወተት ለድመት የሚስማማ እየመሰለን እንሰጣለን፤ ብዙ ትልልቅ ድመቶችን ግን ያስቀምጣቸዋል።

ውሃ፦ በየቀኑ ይቀየር። አንዲት ድመት ከምግቧ የምታገኘውን ጨምሮ ለአንድ ኪሎ ክብደቷ በቀን 50 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልጋታል። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት 200 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጀሪካን የተቀመጠ ንጹሕ ውሃ ለይቶ መተው አይዘንጋ። አንዱ ሳህን ቢደፋ ሌላ እንዲኖር ውሃ በሁለት ቦታ ይቀመጥ።

መጸዳጃ፦ የአሸዋው ሳጥን በየቀኑ ይጸዳ። ለዚህ ከንጽሕና ሌላ ምክንያትም አለ። በአንዳንድ ድመቶች ኩስ ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሕዋስ ይኖራል። ከወጣ ከ1 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ሰው የሚተላለፍ ይሆናል፤ በእርግዝና ላይ ያለ ፅንስንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እህት ድመቷን ብታበላ ግድ የለም፣ አሸዋውን ግን ሌላ ሰው ይጥረግ። ይህን ስንል ድመት ነጃሳ ናት ማለታችን አይደለም። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ ከተቀዳላቸው ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትል ዕቃውን ዘንበል አድርገውላት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በዙሪያችን ከሚመላለሱት መሆኗን እንደነገሯቸው የልጃቸው ሚስት ከብሻ አስተላልፋለች። ንጽሕናዋ የተረጋገጠላት እሷ ናት፤ ኩሷ ግን እንደማንኛውም ቆሻሻ ይጠረጋል።

መስኮትና በር፦ ከፎቅ የምትወድቅ ድመት ሁልጊዜ በእግሯ ቆማ ትድናለች የሚባለው እውነት አይደለም። የበረንዳ በርና ወንፊት የሌለው መስኮት ይዘጋ፤ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ግን ይተው። ጠባቂው ሲገባና ሲወጣ ድመቷ በእግሩ መሐል እንዳትሾልክ ይጠንቀቅ።

የአይጥ መርዝ፦ በግቢው ወይም በደረጃው ላይ መርዝ ያስቀመጠ ጎረቤት እንዳለ ቀድመን እንጠይቅ። ድመት መርዙን ባትነካው እንኳ መርዝ የበላ አይጥ በልታ ልትሞት ትችላለች።

በዓይን ማየት፦ ይህ ከሁሉም ይበልጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ድመቷ ልትደበቅ ትችላለች። ጠባቂው ሳህኑ ባዶ መሆኑን ብቻ አይቶ አይሂድ፤ በመስኮት የገባ ሌላ ድመት በልቶት ሊሆን ይችላል። በየቀኑ በዓይኑ ይያት።

ብትታመም

ጠባቂው ሐኪም እንዲሆን አይጠበቅም፤ ሦስት ነገሮችን ካወቀ ግን ይበቃዋል። አንደኛ፣ ድመት ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች ያሳውቅ። ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ ያልበላች ድመት፣ በተለይም ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ለሕይወቷ ሊያሰጋት ይችላል። ሁለተኛ፣ ድመት በተለይም ወንዱ ወደ አሸዋው እየተመላለሰ ቢያምጥና ሽንት ባይወጣው ነገ የሚባል ነገር የለም፤ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ በአንድና በሁለት ቀን ሊሞት ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ። ሦስተኛ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ የምትንቀጠቀጥ ወይም ደጋግማ የምታስመልስ ድመት እንደዚሁ ትወሰድ።

ለዚህም ሁለት ነገሮች አስቀድመው ይዘጋጁ። የሐኪሙ ስልክና ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ በፖስታ ታሽጎ ይቀመጥ። ሌላው ፈቃድ ነው። ሚና ላይ ያለ ሐጅ ስልክ ላያነሳ ይችላል፤ ገጠር የገባም ኔትወርክ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ «ካላገኘኸኝ ሳትጠይቀኝ ውሰዳት» ብለን በግልጽ እንናገር። ብዙ አደራ የሚበላሸው በክፋት ሳይሆን ፈቃድ በመጠበቅ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ያለ፣ ድመትንም የሚይዝ በሽታ ነው። ድመቷ ካልተከተበች ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ትከተብ። ጠባቂው ቢነከስ ወይም ቢቧጨር ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠበው፤ ሳይዘገይም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ለድመቷ የምንጨነቀውን ያህል ለሚጠብቃት ሰው መጨነቅ የበለጠ ግዴታችን ነው።

አንድ ሰው ብቻ አይበቃም

የታመነውም ሰው ሊታመም፣ ሐዘን ሊገጥመው፣ በድንገት ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው ይኑር፤ ሁለቱም ይተዋወቁ፤ አንዱ ሲቀር ለሌላው የሚነግርበት መንገድ ይታወቅ።

በግብፅ የማምሉክ ሱልጣን የነበሩት አዝ-ዛሂር በይበርስ (የነገሡት ከ1260 እስከ 1277 እ.ኤ.አ.) በካይሮ ባለቤት ለሌላቸው ድመቶች ጥቅም የሚውል የአትክልት ቦታ እንደተናዘዙ ይተረካል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ የኖረው እንግሊዛዊ ኤድዋርድ ሌን እንደጻፈው፣ ቦታው ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ በኋላ እንኳ የድመቶቹ ቀለብ አልተቋረጠም፤ በቃዲው ግቢ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ምግብ ይቀርብላቸው ነበር። ሱልጣኑ ካለፉ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ድመቶቹን ያበላቸው የአንድ ሰው ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን አንዱ ቢሄድ ሌላው የሚረከበው አደራ መኖሩ ነው።

ክፍያና ምስጋና

ጠባቂው ዘመድም ይሁን ጎረቤት ወጪውን ከኪሱ እንዲያወጣ አናድርግ። በክፍያ የምናሠራው ከሆነ ዋጋው ከመሄዳችን በፊት ይታወቅ፣ ስንመለስም ሳይውል ሳያድር ይከፈል። በነጻ ለሚያገለግለን ደግሞ ከሄድንበት አገር ማርም ይሁን ቆሎ፣ ከመካም ቴምርና ዘምዘም ይዞ መምጣት ወግ ነው። በየሰዓቱ እየደወልን አናስጨንቀው፤ በቀን አንድ ፎቶግራፍ ይበቃል።

የአደራ ሕግ ሌላም ጎን አለው። የፊቅህ ዑለሞች እንደሚያስተምሩት አደራ ተቀባይ ሳያጠፋና ቸል ሳይል ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ አይደለም። ጠባቂው የሚገባውን ሁሉ አድርጎ ሳለ ድመቷ በቀደር ብትሞት «አንተ ነህ የገደልካት» ማለት በደል ነው። ሐዘናችን ፍትሓችንን እንዳይወስድብን። ቸል ብሎ ከሆነ ደግሞ በግልጽ መነጋገር እንጂ በየቤቱ ስሙን ማንሳት አይገባም።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ «ድመቷስ?» ብሎ የጠየቀውን ልጅ አትቆጡት። ልጁ ስለ አማና ጠይቋችኋልና። ወረቀቱን ስትጽፉ አብሯችሁ ይጻፍ። ለጠባቂው ቁልፉን ስትሰጡ ልጁም ቆሞ ይስማ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ሲሰደዱ በእርሳቸው ዘንድ የነበረውን የሰው ንብረት ለባለቤቶቹ እንዲመልሱ ዐሊይን (ረ.ዐ) መካ ላይ እንዳስቀሯቸው በሲራ ተመዝግቧል፤ ይህን ታሪክ በዚያ ሰዓት ንገሩት። ሕይወታቸውን ለማጥፋት እየተፈለጉ እንኳ አደራውን በስሙ ለሚታወቅ ሰው ሰጥተው ነው የወጡት። ልጁ ይህን በመጽሐፍ ከሚያነበው ይልቅ በእናትና በአባቱ እጅ ሲፈጸም ቢያየው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ነገ የሰው ገንዘብ፣ የሰው ምሥጢር፣ የሰው ልጅ በአደራ ሲሰጠው ከዚህ ይጀምራል።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። በሩን ከመቆለፋችሁ በፊት የሚከፍተውን ሰው ስም ጥሩ። ስሙን ከጠራችሁት፣ እሱም ወዶ ከተቀበላችሁ፣ በሰላም ሂዱ። አላህ (ሱ.ወ) ጉዞአችሁን የተባረከ ያድርግላችሁ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።